ከምርጫ ወረቀት የወጣው ግስላ

(ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዓመቶችን ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን በኋላ ራሳቸው ፈልገው ሲያነቡ እንዳይምታታባቸው ብዬ ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ እንጀራዬ ታፔላ ነበር። ሥጋ ቤት ሲከፈት በሬ እስላለሁ። ፀጉር ቤት ሲከፈት መቀስና ማበጠሪያ እስላለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ትንሽ ሱቅ ከፍተው ጠሩኝ። ስማቸውን በሚያምር ፊደል፣ ቀይ በቢጫ አድርጌ ጻፍኩላቸው። እኔ በሥራዬ ኮርቻለሁ። እሳቸው ግን ቆም ብለው አዩትና፣ "ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ግን እኔም አላነበው፣ የሚገዙኝም አያነቡት። ሳሙናውን ሳልልኝ፤ ኩራዙን ሳልልኝ" አሉኝ። ሳልኩላቸው። ሥዕል ምን እንደሚሠራ የገባኝ ያን ቀን ነው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው "ግባ፣ ቤቱ ያንተም ነው" ይለዋል።

እኚያን እናት ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዛሬ የማወራችሁ በ1960ዎቹ እዚህ ኦክላንድ ስለተመሠረተው የጥቁር አሜሪካውያን ፓርቲ፣ ስለ ብላክ ፓንተር ፓርቲ ምስሎች ነው። ብዙዎቻችን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ክትፎ እንበላለን፣ ቡና እንጠጣለን። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብትሄዱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳናን ታገኛላችሁ። ያኔ ስሙ ግሮቭ ስትሪት ነበር። ፓርቲው የመጀመሪያ ቢሮውን የከፈተው በ1967 መጀመሪያ እዚያ፣ 56ኛው መንገድ አጠገብ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስ ምን እንደነበረ አላውቅም ነበር። ሳውቅ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ብላክ ፓንተር ሲባል ምን ይታያችኋል? ጥቁር ቦኔት፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ ጎፈሬ፣ ጠመንጃ። ለብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። እኔ ግን የምላችሁ ሌላ ነው። ያ እንስሳ፣ የፓርቲው ምልክት የሆነው ፓንተር፣ ከጠመንጃ ጋር አልተወለደም። የተወለደው ከምርጫ ወረቀት ላይ ነው። የተሳለውም ማንበብ ለተከለከሉ ሰዎች ነው። ይህን ካላወቅን የኋላዎቹን ምስሎች በሙሉ አጣመን ነው የምናያቸው።

እንግዲህ ወደ አላባማ እንሂድ። ላውንድስ ካውንቲ የምትባል የገጠር ቦታ አለች፤ በሰልማና በሞንትጎመሪ ከተሞች መካከል። ጥጥ የሚለቀምባት አገር ናት። ከነዋሪው 80 በመቶ ያህሉ ጥቁር ነበር። በ1965 መጀመሪያ ላይ ግን ከእነዚያ ሁሉ ጥቁሮች መካከል በመራጭነት የተመዘገበ አንድም ሰው አልነበረም። አንድም። ለመመዝገብ የሄደ ከሥራው ይባረራል፤ ከሚያርሰው መሬት ይነቀላል። በኋላ ከመሬታቸው የተባረሩ ቤተሰቦች ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ኖረዋል። ለጥቁር መብት ብለው የመጡ ነጮችም እዚያ ተገድለዋል። ቪዮላ ሊውዞ የተባለች የልጆች እናት በመጋቢት 1965፣ ጆናታን ዳንኤልስ የተባለ የሥነ መለኮት ተማሪ ደግሞ በነሐሴ ወር ወደቁ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ የመምረጥ መብት ሕጉ ወጣ። ለመመዝገብ ይጠየቅ የነበረው የማንበብ ፈተና ተነሳ። ሕዝቡ መመዝገብ ጀመረ። ስቶክሊ ካርማይክልና ጓደኞቹ፣ ስኒክ በሚባለው የተማሪዎች ድርጅት ስም፣ ከገበሬዎቹ ጋር እያደሩ ያደራጁ ነበር። ግን ጥያቄ መጣ። ተመዘገብን፤ ማንን እንምረጥ?

የአላባማ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ምልክት ነጭ አውራ ዶሮ ነበር። ከዶሮው በላይ የተጻፈው ደግሞ "የነጭ የበላይነት" የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ በስውር የተነገረ ነገር አይደለም። ድምፅ መስጫው ላይ የታተመ ነው። በ1966 ጽሑፉን ቀየሩት፤ ዶሮው ግን እዚያው ቀረ። ትናንት ልጅህን የገደለ ሰው የሚመረጥበት ምልክት ላይ እንዴት ድምፅህን ትሰጣለህ? ስለዚህ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። የላውንድስ ካውንቲ የነፃነት ድርጅት አሉት። ሕጉ ደግሞ እያንዳንዱ ፓርቲ ምልክት እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። ማንበብ የማይችል መራጭ ብዙ ስለነበር ነው። እኛም እናውቀዋለን። አገር ቤት በምርጫ ጊዜ ንብ የማን ምልክት እንደነበረች የማያውቅ አልነበረም። ስሙን ማንበብ ያልቻለም ንቧን ያውቃታል።

ምልክቱን እንድታዘጋጅ የተጠየቀችው ሩት ሃዋርድ የምትባል የስኒክ ወጣት ናት። መጀመሪያ ያሰበችው ርግብ ነበር። ርግብ ግን ለላውንድስ አልሆነም። ሰው በሚታደንበት አገር ርግብ ምን ይላል? አትላንታ ውስጥ ክላርክ ኮሌጅ የሚባል የጥቁሮች ኮሌጅ ነበር። የስፖርት ቡድኑ ምልክት ፓንተር ነበር። እሱን ወሰዱት። ዶሮቲ ዜልነር የምትባል ሌላ የስኒክ ባልደረባ መስመሩን አስተካክላ ጥቁር አደረገችው። ይኸው ነው። ማስታወቂያ ድርጅት የለም፤ ጥናት የለም። ከኮሌጅ የስፖርት ማሊያ ላይ የተወሰደ እንስሳ ነው።

ለምን ይህን እንስሳ እንደመረጡ የድርጅቱ ሊቀመንበር ጆን ሁሌት አስረድቷል። ሐሳቡ ይህ ነው። ይህ አውሬ ሰው አይተናኮልም። ሲገፉት ያፈገፍጋል። እንደገና ሲገፉት እንደገና ያፈገፍጋል። ግድግዳው ጋ ሲደርስና መሄጃ ሲያጣ ግን ለሞት ለሽረት ይወጣል። የላውንድስ ሰው ይህን ሲሰማ ትርጉም አላስፈለገውም። የራሱን ኑሮ ነው የሰማው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። ፓንተርን አንዳንዱ ሰው "ጥቁር ነብር" እያለ ይተረጉመዋል። ስህተት አይደለም። ግን እኛ ለዚህ አውሬ ስም አለን፤ ግስላ። አያቶቻችን በፉከራ "ግስላው!" ሲሉ ዝም ብለው አልነበረም። የግስላ ለምድ የሚደርበው ጀግና ነው። እኔ የላውንድስን ምስል መጀመሪያ ያየሁት ቀን፣ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ጥፍሩን አውጥቶ ሲዘል፣ በአእምሮዬ የመጣው ቃል "ፓንተር" አልነበረም። ግስላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ግስላ እያልኩ ብቀጥል አትታዘቡኝ።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ሥዕሉ ብቻውን አልሄደም። የስኒክ ልጆች በካርቱን መልክ ትንንሽ መጽሔቶች አዘጋጁ። ሸሪፍ፣ ማለትም የካውንቲው የፖሊስ አለቃ፣ ምን ይሠራል? ግብር የሚተምነው ሰው ሥራው ምንድን ነው? ሸሪፉ ካጠፋ ማን ያነሳዋል? ይህን ሁሉ በሥዕል አስረዱ። ትምህርት ቤት ያልገባ ገበሬ እያየ ይረዳዋል። በግንቦት 3 ቀን 1966 ሄይንቪል በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተሰብስበው ዕጩዎቻቸውን መረጡ። 900 ያህል ሰው ወጣ። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት አንድም መራጭ ያልነበረበት ቦታ ነው።

በኅዳሩ ምርጫ ተሸነፉ። ማጭበርበር ነበር፤ ማስፈራራት ነበር። ግን ያቺ ሥዕል በመላ አገሪቱ ተሰማች። ጋዜጦች ድርጅቱን በስሙ አልጠሩትም። "የብላክ ፓንተር ፓርቲ" አሉት። ዴሞክራቶቹን "የነጭ ዶሮ ፓርቲ" ያለ ጋዜጣ ግን አልነበረም። ይህን ልዩነት የላውንድስ ሰዎች አስተውለውት ነበር፤ አስቆጥቷቸውም ነበር። ትክክል ናቸው።

በጥቅምት 1966 ሁለት ወጣቶች፣ ሂዊ ኒውተንና ቦቢ ሲል፣ እዚህ ኦክላንድ ውስጥ አዲስ ፓርቲ መሠረቱ። ስሙንና ግስላውን ከአላባማ ወሰዱ። ያኔ ሌሎች ከተሞች ውስጥም በዚሁ ስም የተሰባሰቡ ቡድኖች ነበሩ። የኦክላንዱ ግን ለዓይን አሰበ። ጥቁር ቦኔት፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ። ቦኔቱን ናዚን ከተዋጉት የፈረንሳይ አርበኞች እንደወሰዱት ቦቢ ሲል ተናግሯል። ሌላው ልብስ ከማንኛውም ሱቅ የሚገኝ ነው። ዩኒፎርም ነው፤ ግን መንግሥት ያልሰፋው ዩኒፎርም ነው። ፖሊስ ዩኒፎርም ለብሶ በሚመታበት ሰፈር፣ የሰፈሩ ልጆች የራሳቸውን ዩኒፎርም ለብሰው በሰልፍ ሲቆሙ አስቡት። አፋቸውን ሳይከፍቱ ብዙ ተናግረዋል።

ፀጉሩም ንግግር ነበር። ለብዙ ዘመን ጥቁር አሜሪካዊ ፀጉሩን በኬሚካል እያቃጠለ እንዲያለሰልስ ሲነገረው ኖሯል። የፓርቲው አባል ካትሊን ክሊቨር ጎፈሬዋን አጎፍራ ካሜራ ፊት ቆማ፣ ጥቁር ሰው ተፈጥሮው ውብ መሆኑን እያወቀ ነው ስትል ተናገረች። እኛ ጎፈሬ የሚል ቃል ያለን ሰዎች ይህ ምን ያህል ከባድ እርምጃ እንደነበር ላይገባን ይችላል። የራስን ፀጉር መልሶ ማግኘት ነው።

አሁን ወደ ጠመንጃው ልምጣ፤ አልሸሸውም። በካሊፎርኒያ ሕግ ያኔ ጠመንጃ በግልጽ ይዞ መሄድ ይፈቀድ ነበር። ፓርቲው ፖሊስን እየተከተለ ይቆጣጠር ነበር። ይህን ለማስቆም ሕግ ሲረቀቅ፣ በግንቦት 2 ቀን 1967 ወደ 30 የሚሆኑ አባላት ጠመንጃ ይዘው ሳክራሜንቶ ምክር ቤት ገቡ። ገዥው ሮናልድ ሬገን ያን ሰዓት ሣሩ ላይ ከተማሪዎች ጋር ነበር። ጋዜጠኛ ሞልቷል። በአንድ ቀን ዓለም አወቃቸው። ሕጉ ግን ጸደቀ፤ እንዲያውም ፈጠነ። እኔ እንደ ምስል ሠራተኛ ሳየው፣ ያ ፎቶ ሁለት ተመልካች ነበረው። ለሰፈሩ ወጣት "ቀና በል" አለው። ለሌላው አሜሪካ ደግሞ ፍርሃት ሆነ። ሁለተኛውን ተመልካች የሚቆጣጠረው ካሜራውን የያዘው ነው እንጂ ፓርቲው አይደለም። ከዚያ በኋላ በየጋዜጣው የሚወጣው ጠመንጃው ብቻ ሆነ። ዋጋውን ከፍለውበታል።

በዚሁ ዓመት የተነሳ ሌላ ፎቶ አለ፤ ሁላችሁም አይታችሁታል። ኒውተን ከራታን በተጠለፈ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የወንበሩ ጀርባ እንደ ጣዎስ ጅራት ተዘርግቷል። በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በአንድ እጁ ጦር ይዟል። ከእግሩ ሥር የሜዳ አህያ ቆዳ፣ አጠገቡ የአፍሪካ ጋሻዎች አሉ። ዝግጅቱን የመራው ከፓርቲው መሪዎች አንዱ የነበረው ኤልድሪጅ ክሊቨር ነው። የተነሳውም ሳን ፍራንሲስኮ፣ የአንዲት ጠበቃ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው።

አንዳንድ አፍሪካዊ ጓደኞቼ ይህን ፎቶ ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። "ይሄ የየት አገር አፍሪካ ነው?" ይላሉ። ወንበሩ የፊሊፒንስ ሥራ ነው፤ ጋሻው ከአንድ አገር፣ ቆዳው ከሌላ። እውነት ነው። እኔ ግን ልቤ ይራራል። የእኛ አያቶች ጋሻና ጦራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው አውርሰውናል። ለኒውተን አያቶች ምንም አልቀረላቸውም። ስማቸው እንኳን ተወስዷል። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ዙፋን የሠራ ሰው ዙፋን የተነጠቀ ሰው ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ላውንድስ ላይ ግስላው የሁሉም ነበር። እዚህ ፎቶ ላይ ግን አንድ ሰው ዙፋን ላይ ወጣ። እንቅስቃሴ በአንድ ሰው ፊት ሲመሰል ያ ሰው ሲደክም አብሮ ይደክማል። በኋላም የሆነው ይህ ነው።

ቢሆንም ወንበሩ ያልታሰበ ሥራ ሠራ። በጥቅምት 1967 ከፖሊሶች ጋር በተፈጠረ ግጭት አንድ ፖሊስ ሞተ፤ ኒውተን ቆስሎ ታሰረ። በየካቲት 17 ቀን 1968፣ ልደቱ ላይ፣ ኦክላንድ አዳራሽ ውስጥ "ሂዊ ይፈታ" የሚል ትልቅ ስብሰባ ተደረገ። ሐይቁ አጠገብ ያለው ያ ትልቅ ሕንፃ ነው። መድረኩ ላይ ያን ወንበር አመጡት። ባዶውን። ማንም አልተቀመጠበትም። እኔ ከፎቶው ይልቅ ይህ ባዶ ወንበር ይበልጥብኛል። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ የአባወራው ቦታ ባዶ ሆኖ ስታዩ የሚሰማችሁን ታውቃላችሁ። በመስከረም ፍርዱ ከተሰማ በኋላ ደግሞ ሁለት ፖሊሶች በሌሊት መጥተው የፓርቲውን ቢሮ መስኮት በጥይት ደበደቡት። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው የኒውተን ፎቶ ተበሳሳ። ሰውየው እስር ቤት ነው። የተኮሱት ወረቀት ላይ ነው። ምስል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን በጣም ወደምወደው ሰው መጣሁ። ኤሞሪ ዳግላስ ይባላል። በ1943 ግራንድ ራፒድስ፣ ሚቺጋን ተወለደ፤ ያደገው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። በልጅነቱ ጥፋት አጥፍቶ የታሰረበት የወጣቶች ማረሚያ ቤት ውስጥ ማተሚያ ክፍል ነበር። የሕትመትን ሥራ እዚያ አወቀ። በኋላ ሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የማስታወቂያ ሥዕል ተማረ። በ1967 የፓርቲው ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም ሲዘጋጅ ቦቢ ሲል በታይፕና በማርከር እየታገለ ነበር። ኤሞሪ አየውና "ቤት ደርሼ ዕቃዬን ላምጣ፣ ላግዝህ" አለው። ይዞ ሲመለስ እትሙ አልቋል። ቦቢ ሲል ግን ልጁ ቁርጠኛ መሆኑን አየ። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ሥራው የእሱ ሆነ። የፓርቲው የባህል ሚኒስትር ሆነ። ከአሥር ዓመት በላይ በዚያ ጋዜጣ ላይ ሠራ።

ይህን እንደ ባለሙያ ላስረዳችሁ። ጋዜጣው ብር የለውም። ባለብዙ ቀለም ሕትመት ውድ ነው። ስለዚህ ኤሞሪ ጥቁርና አንድ ተጨማሪ ቀለም ይጠቀማል። አንድ ሳምንት ቀይ፣ ሌላ ሳምንት ብርቱካናማ። መስመሩን ወፍራም ያደርገዋል፤ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ እስኪመስል። ወፍራም መስመር ርካሽ ወረቀት ላይ አይደበዝዝም። ከመንገድ ማዶ ሆናችሁም ይታያችኋል። ጥላና ልብስ ለማሳየት ነጠብጣብና ጭረት የታተመባቸውን ተለጣፊ ወረቀቶች እየቆረጠ ይለጥፋል። ድህነቱን ወደ ውበት ቀየረው። ታፔላ ስሠራ ሁለት ቀለም ብቻ ሲኖረኝ የማደርገውን ነው ያደረገው። እሱ ግን እጅግ የላቀ ነው።

የጋዜጣው የኋላ ገጽ ሙሉ ሥዕል ነበር። ሰው ጋዜጣውን በ25 ሳንቲም ገዝቶ የኋላውን ገጽ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ አጥር ላይ ትገኛለች። ኤሞሪ ሰፈሩን ራሱን የሥዕል አዳራሽ አደረገው። በጣም በተሸጠባቸው ጊዜያት ጋዜጣው በሳምንት ከ100,000 ቅጂ በላይ ይታተም ነበር። ረጅሙን ጽሑፍ ያላነበበ ሰው ሥዕሉን አይቶ ሐሳቡን ይይዛል። ያቺ የሱቅ እናት እንዳሉት ማለት ነው።

የሚሳሉትም እነማን ናቸው? ጥርሳቸው የጎደለ አሮጊቶች። ፀጉራቸውን በቢጉዲን የጠቀለሉ እናቶች። ጫማው የተቀደደ ልጅ። አይጥ የሚመላለስበት ቤት። በቤተ መዘክር ሥዕል ውስጥ ቦታ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ከጭንቅላታቸው ኋላ ደግሞ ጨረር ይወጣል። እኔ እነዚያን ጨረሮች ሳይ የቤተ ክርስቲያናችን የግድግዳ ሥዕል ነው የሚታየኝ። ቅዱሳን ብቻ የሚያገኙትን ብርሃን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጣት። ከኤሞሪ ጎን የሠሩ ሴት ሠዓሊዎችም ነበሩ። ታሪካ ልዊስ ወደ ፓርቲው የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ማቲላባ በሚል ስም ትስል ነበር። ስሟ ሲነሳ ስለማልሰማ ዛሬ ላንሳው።

አሳማውን ሳላነሳ አላልፍም። ኒውተንና ሲል ፖሊስን "አሳማ" ማለት ጀመሩ። ኤሞሪ መጀመሪያ በአራት እግሩ የቆመ አሳማ ሳለ። ቆይቶ በሁለት እግሩ አቆመው። ዩኒፎርም አለበሰው፤ ባጅ አደረገለት፤ ዝንብ አሳረፈበት። አሳማን ለማንበላው ለእኛ ስድቡ ይበልጥ ይከብዳል። እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ኃይል መሳቂያ ሲሆን ፍርሃቱ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሰውን እንስሳ አድርጎ መሳል ወዴት እንደሚወስድ እኛ ከአገራችን እናውቃለን። በእነዚያ ዓመታት ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል። ፓርቲው ውስጥም በእርስ በርስ ጠብ ደም ፈሷል። ኤሞሪን እወደዋለሁ፤ አሳማዎቹን ግን ቤቴ ግድግዳ ላይ አልሰቅላቸውም።

ስለ ቡጢው ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፤ ባጭሩ ላንሳው። በጥቅምት 16 ቀን 1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ የሽልማት መድረክ ላይ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በጥቁር ጓንት እጃቸውን አነሱ። ብዙ ሰው የብላክ ፓንተር አባላት ይመስሉታል። አልነበሩም። ከሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሯጮች ናቸው። ጫማ ያላደረጉት፣ በጥቁር ካልሲ የቆሙት፣ የጥቁሮችን ድህነት ለማሳየት ነው። ካርሎስ አንገቱ ላይ ያሠረው ጨሌ በስቅላት ለተገደሉት መታሰቢያ ነው። ካርሎስ ጓንቱን ረስቶ ስለመጣ አንዱን ጥንድ ተካፈሉት። ስሚዝ ቀኙን፣ ካርሎስ ግራውን ያነሳው በዚህ ነው። ከአራት ቀን በኋላ በዚያው ስታዲየም ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ጨርሶ ገባ። አባቶቻችን በሬዲዮ ጆሯቸውን ተክለው የሰሙት ኦሎምፒክ ማለት ያ ነው።

ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሐውልታቸው አለ። ከዚህ አንድ ሰዓት ብትነዱ ነው። ሁለተኛ የወጣው አውስትራሊያዊ ፒተር ኖርማን ግን ሐውልቱ ላይ የለም። በዕለቱ የሰብአዊ መብት ባጅ ደረቱ ላይ አድርጎ አብሯቸው ቆሟል፤ አገሩ ሲገባ ነቀፌታ ደርሶበታል። ሐውልቱ ሲሠራ ቦታው ባዶ ይሁን ብሎ የጠየቀው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ወጥቶ እንዲቆምበት። ልጆቼን ይዤ ሄጄ አቁሜያቸው ነበር። ትንሿ እጇን ለማንሳት ማንም አልነገራትም፤ ራሷ አነሳች።

ምስል የሚፈራ መንግሥትም ነበር። ኤፍቢአይ ፓርቲውን ለማፍረስ ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ የልጆች ማቅለሚያ መጽሐፍ ነው። ልጆች ፖሊስ ሲገድሉ የሚያሳይ ነው። የፓርቲው መሪዎች አልተቀበልነውም ብለዋል። ኤፍቢአይ ግን ለሕፃናት ቁርስ ዕርዳታ ለሚሰጡ ሱቆች በፖስታ ላከው፤ መዋጮው እንዲቆም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሴኔቱ ኮሚቴ ሲመረምር ይህ ወጣ። የታለመው ጠመንጃው ላይ እንዳልሆነ አስተውሉ። የታለመው ቁርሱ ላይ ነው።

ቁርሱ ምንድን ነው? በጥር 1969 እዚህ ኦክላንድ፣ ቅዱስ አውግስጢኖስ በሚባለው የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጀመረ። ልጆች በባዶ ሆዳቸው ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ ጠዋት ይመገባሉ። በአጭር ጊዜ ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፋ። ክሊኒክ መጣ። የደም በሽታ ምርመራ መጣ። የነፃ ጫማ መጣ። ኤሞሪ ሥዕሉን ከዚህ ጋር ቀየረ። በ1971 የሠራት አንዲት ሥዕል አለች። አንድ ልጅ መነጽር አድርጎ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ጠጋ ብላችሁ መነጽሩን ስታዩ፣ በመስታወቱ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚበሉ ልጆች አሉ። የዓይኑ ብርሃን እነሱ ናቸው። ጠመንጃ የለም። ይህቺን ሥዕል ከጠመንጃዎቹ ጋር በእኩል ብናውቃት ኖሮ ስለ ፓርቲው የምናስበው ሌላ ይሆን ነበር።

ወደ መጨረሻው ደርሻለሁ። ጆን ሁሌት፣ ያ ግስላውን ያስረዳው ሰው፣ በ1970 የላውንድስ ካውንቲ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ። ጥቁር የማይመዘገብበት አገር ሸሪፍ ሆነ። ከ20 ዓመት በላይ ሠራበት።

በኦክላንድም ግስላው ወደ ምርጫ ተመለሰ። በመጋቢት 1972 ፓርቲው ትልቅ ጉባኤ ጠራ። የተከፈተው ባዶው ወንበር በቆመበት በዚያው አዳራሽ ነው። በጉባኤው 10,000 ከረጢት ምግብ ለሕዝብ ታደለ። ሰዎች መራጭ ሆነው ተመዘገቡ። በዓመቱ ቦቢ ሲል ለኦክላንድ ከንቲባነት፣ ኤሌን ብራውን ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደሩ። ቦቢ ሲል ሁለተኛ ዙር ድረስ ሄዶ ተሸነፈ። ኤሞሪ የዚያን ጊዜ የሳላቸው ሴቶች ከረጢት ይዘው የሚሄዱ ናቸው። ደረታቸው ላይ የምርጫ ባጅ አለ። ፊታቸው ላይ ድካም አለ፤ ግን ይስቃሉ።

ከጉባኤው የቀሩ ፎቶዎችን አየሁ። የወረቀት ከረጢቶቹ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፤ እስከ አዳራሹ ጥግ ድረስ። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ያ የአላባማው ግስላ ታትሟል፤ ጭራው ወደ ላይ፣ ጥፍሩ እንደወጣ። ውስጡ እንቁላል አለ፣ ዳቦ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ አንድ አንድ ዶሮ አለ።